የቪኤስ ኮድ ኤክስቴንሽኖችን በሴቲንግ ፋይል ማስተካከል፦ የትኛው ፋይል ነው የሚገዛው?

የአክስቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ይደውላል፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነሳለሁ።

«እታለም፣ ያልሽኝን ጻፍሁት፣ ሴቭም አደረግሁት። ኤክስቴንሽኑ ግን ወይ ፍንክች!»

«የት ላይ ነው የጻፍኸው?»

«ሴቲንጉ ላይ ነዋ!»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮድ በምንጽፍበት ኤዲተር፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ (በአጭሩ ቪኤስ ኮድ) ውስጥ «ሴቲንጉ» የሚባል አንድ ቦታ የለም፤ በላዩ የምንጭናቸው ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ማለትም ኤክስቴንሽኖቹም፣ የሚታዘዙት ከአንድ ቦታ አይደለም። ሁለት ፋይሎች አሉ፣ የተጠቃሚውና የፕሮጀክቱ፤ በየፋይሉ ውስጥ ደግሞ ለአንድ የኮድ ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ክፍል ሊኖር ይችላል። የትኛው የትኛውን እንደሚሽር ያላወቀ ሰው ትክክለኛውን ቃል ትክክል ባልሆነ ቦታ እየጻፈ ሌሊቱን ያነጋል። እኔም አንግቼ አውቃለሁ።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ላስቀድም። ለልጁ በስልክ እንደማነብለት ሁሉ እዚህም የሴቲንጎቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለማያውቅ ይህን ያዙልኝ፦ ብዙ ቃል ያለው ስም ያለ ክፍተት ተያይዞ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ቃል በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ የሚከተሉት እያንዳንዳቸው በትልቅ ፊደል። ለምሳሌ «ፎርማትኦንሴቭ» (ሴቭ ሲደረግ የኮዱን ቅርጽ አስተካክል የሚለው) ሲባል ኦ እና ሴ ያሉበት ቦታ ትልቅ ፊደል ይገባል። ደግነቱ ሁሉንም መተየብ አያስፈልግም፤ ሦስት አራት ፊደል ስትጽፉ ኤዲተሩ ራሱ ዝርዝር ያወርዳል፣ መርጦ ኢንተር መንካት ነው።

1. ፋይሉን መክፈት

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን አንድ ላይ ተጫኑ። ከላይ የትእዛዝ ሳጥን ይወርዳል። «ኦፕን ዩዘር ሴቲንግስ» ብላችሁ መጻፍ ስትጀምሩ ከሚመጡት ውስጥ መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ጄሰን» የሚለውን ምረጡ። ቅንፍ የሌለውን ከመረጣችሁ ባለ ሳጥንና ባለ ምልክቱ ገጽ ይከፈታል፤ ኮንትሮልና ኮማም የሚወስዱት ወደዚያው ነው። ያን ገጽ አልጠላውም፣ ሴቲንግ ለመፈለግ ይመቻል። ለመጻፍ ግን ፋይሉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፋይል በቴሌግራም ይላካል፣ በፍላሽ ይሄዳል፣ ላፕቶፕ ሲቀየር ይገለበጣል። ቪኤስ ኮድ ሴቲንግን በጊትሃብ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት የሚያመሳስልበት የራሱ መንገድ አለው፣ ጥሩም ነው። ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ግን እኔን ያዳነኝ ፍላሽ ነው።

ፋይሉ «ሴቲንግስ.ጄሰን» ይባላል። ዊንዶውስ ላይ የሚገኘው በተጠቃሚው ፎልደር ሥር፣ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ኮድ፣ ዩዘር ተብሎ ሲወረድ ነው። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ ካልታያችሁ አትደንግጡ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ በነጥብ በሚጀምረው የ«ኮንፊግ» ፎልደር ውስጥ፣ ኮድ፣ ከዚያ ዩዘር።

2. ምልክቶቹን ሳያሳስቱ መጻፍ

{
  "ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ": ትሩ,
  "ኤዲተር.ፎንትሳይዝ": 15
}

ሁሉም ነገር በሁለቱ ጥምዝ ቅንፎች መካከል ነው። በግራ ስም፣ በጥቅስ ውስጥ፤ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፤ በቀኝ ዋጋው። ትሩና ፎልስ (አዎና አይ ማለት ናቸው) ጥቅስ አይገባላቸውም፣ ቁጥርም እንደዚሁ። በየመስመሩ መጨረሻ ኮማ፣ ከመጨረሻው መስመር በቀር። ለራሳችሁ ማስታወሻ መጻፍ ስትፈልጉ ሁለት ሰያፍ ሰረዝ (//) አስቀድማችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ ይህ ፋይል ማስታወሻ ይቀበላል። እኔ ከእያንዳንዱ ሴቲንግ በላይ ለምን እንደጻፍሁት አስቀምጣለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ የራሴን ፋይል እንደ ባዕድ ነው የማነበው።

በእኛ ሰፈር የሚደጋገመው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ማስታወሻውን በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ የሚቀጥል ሰው ኮማ ነካሁ ብሎ «፣» ያስገባል፣ ሁለት ነጥብ ነካሁ ብሎ «፡» ያስገባል። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ኤዲተሩ ግን አያውቃቸውም። ቀይ ሞገድ መስመር ከታየ መጀመሪያ ኮማዎቻችሁን ተመልከቱ። ፋይሉ ተበላሽቶ ከተተወ ደግሞ፣ ሌላ ጊዜ በባለ ሳጥኑ ገጽ አንድ ነገር ልትለውጡ ስትሞክሩ ኤዲተሩ መጻፍ አልቻልሁም፣ ፋይሉን አስተካክሉ ብሎ ይመልሳችኋል።

3. የቅርቡ ይገዛል

ሁለተኛው ፋይል የፕሮጀክቱ ነው። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «.ቪኤስኮድ» የሚባል ንዑስ ፎልደር አለ፤ ከሌለ ይፈጠራል። በውስጡ ሌላ «ሴቲንግስ.ጄሰን» ይቀመጣል። በትእዛዝ ሳጥኑ «ኦፕን ወርክስፔስ ሴቲንግስ» (ወርክስፔስ የሚለው የተከፈተውን ፕሮጀክት ነው) ብላችሁ ባለ «ጄሰን»ኑን ስትመርጡ ኤዲተሩ ፎልደሩንም ፋይሉንም ራሱ ይፈጥራል።

ሕጉ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው ነው። ከታች ኤዲተሩ ይዞት የመጣው ነባሪ ዋጋ አለ፤ በእሱ ላይ የተጠቃሚው ፋይል ይሠለጥናል፤ በተጠቃሚው ፋይል ላይ የፕሮጀክቱ። ስለዚህ የፊደል መጠን፣ የቀለም ገጽታ፣ የእናንተ የዓይን ጉዳይ የሆነው ሁሉ በተጠቃሚው ፋይል ይጻፍ። የኮዱ ቅርጽ፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሠራው ሰውም ሊከተለው የሚገባው፣ በፕሮጀክቱ ፋይል ይጻፍ። የፊደል መጠኑን በፕሮጀክት ፋይል ጽፎ የላከልኝ ሰው አለ፤ ፕሮጀክቱን በከፈትሁ ቁጥር ፊደሉ ጉልላት ያክልብኛል።

መሻሩ እንዴት እንደሆነም እወቁ። ዋጋው በጥምዝ ቅንፍ የታጠረ ስብስብ ከሆነ ሁለቱ ፋይሎች ይዋሐዳሉ። በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ዝርዝር፣ ቁጥር ወይም ቃል ከሆነ ግን የቅርቡ የሩቁን ጠቅልሎ ይተካል። በተጠቃሚ ፋይላችሁ ሦስት ነገር የያዘ ዝርዝር ኖሯችሁ በፕሮጀክቱ አንድ ብቻ ብትጽፉ፣ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው።

በፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ከነጭራሹ የማይሠሩም አሉ። ኤክስቴንሽን በራሱ ይታደስ ወይስ አይታደስ የሚለው የመላው ፕሮግራሙ ጉዳይ ስለሆነ በተጠቃሚው ፋይል ብቻ ነው የሚጻፈው። አንድን ኤክስቴንሽን ማብራትና ማጥፋትም በሴቲንግ ፋይል አይደለም፤ እሱ በኤክስቴንሽኖች ዝርዝር (ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤክስ) ውስጥ ባለ ጥርሷን የማርሽ ምልክት ነክቶ የሚደረግ ነው፤ ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ የማጥፋት ምርጫም እዚያው አለ።

4. በስም የተጠራ ቋንቋ

አሁን ሕጉ ወደሚሰበርበት ደረስን።

{
  "ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ": ትሩ,
  "[ፓይተን]": {
    "ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ": ፎልስ
  }
}

የቋንቋው ስም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ፣ እሱም በጥቅስ ውስጥ። ትርጉሙ፦ ሌላው ሁሉ ሴቭ ሲደረግ ይስተካከል፣ የፓይተን ፋይል ግን አይነካ።

ወጥመዱ ይህ ነው። ይህ በተጠቃሚ ፋይላችሁ ውስጥ ከዓመት በፊት ተጽፎ ተረስቷል እንበል። ዛሬ በፕሮጀክቱ ፋይል «ፎርማትኦንሴቭ» ትሩ ብላችሁ ጻፋችሁ። የቅርቡ ይገዛል ስላልሁ ፓይተኑም ይስተካከላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይስተካከልም! በቋንቋ ስም የተጻፈው፣ ሩቅ ያለ ፋይል ውስጥ ቢሆንም፣ ያለ ቋንቋ ስም የተጻፈውን ያሸንፋል። «ነገ ሁሉም ለአጨዳ ይውጣ» ቢባልም «አንተ ግን ከብት ጠብቅ» የተባለው ልጅ እንደማይወጣ ማለት ነው። መፍትሔው በፕሮጀክቱ ፋይልም የ«[ፓይተን]» ክፍል ከፍቶ እዚያ ትሩ ብሎ መጻፍ ነው። ሁለቱም በስም ሲጠሩ የቅርቡ መልሶ ይገዛል።

5. የኤክስቴንሽኑን ቃላት ማግኘት

እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የራሱን የሴቲንግ ስሞች ይዞ ይመጣል። ከዩቲዩብ ከመቅዳታችሁ በፊት የኤክስቴንሽኑን ገጽ ክፈቱና «ፊቸርስ» የሚለውን ክፍል ተመልከቱ፤ ስሞቹ፣ ማብራሪያቸውና ነባሪ ዋጋቸው ተዘርዝረዋል። ኤክስቴንሽኑ አንዴ ከተጫነ ይህን ለማየት ዳታ አይበላም። ራሳችሁ የነካካችሁትን ለማግኘት ደግሞ መንገዱ በባለ ሳጥኑ ገጽ የፍለጋ መስመር ላይ «@ሞዲፋይድ» ብሎ መጻፍ ነው፤ እስከ ዛሬ የለወጣችሁትን ብቻ ለይቶ ያሳያችኋል።

በፋይሉ ውስጥ አንድ ስም ደብዝዞ ከታየ ኤዲተሩ «ይህን አላውቀውም» ማለቱ ነው። ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ኤክስቴንሽኑ አልተጫነም ወይም ጠፍቷል፣ ወይ ስሙ ጊዜው አልፎበታል። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያደናግራል። የቆዩ ቪዲዮዎች ፓይተንን ለማስተካከል «ፓይተን.ፎርማቲንግ.ፕሮቫይደር» ብላችሁ ጻፉ ይላሉ፤ ያ ቀርቷል። ኮድ የሚያስተካክሉት ፎርማተሮች አሁን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኤክስቴንሽኖች ናቸው።

6. አንድ ሙሉ ምሳሌ

ከልጁ ጋር የምንሠራው ለዘመዶቻችን የጤፍና የማር ዋጋ ማሳያ ገጽ ነው፦ ትንሽ ኤችቲኤምኤል፣ ትንሽ ጃቫስክሪፕት፣ ዋጋውን ከሰንጠረዥ የሚያነብ አንዲት የፓይተን ፋይል። የጫንናቸው ኤክስቴንሽኖች ፕሪቲየር (የጃቫስክሪፕትና የኤችቲኤምኤል ፎርማተር)፣ ብላክ ፎርማተር (የፓይተን)፣ የፓይተኑ ራሱና ላይቭ ሰርቨር (ገጹን በብራውዘር የሚከፍት) ናቸው። የፕሮጀክቱ ፋይል ይህን ይመስላል።

{
  "ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ": ትሩ,
  // የፓይተን መስመር እስከ 100 ፊደል
  "ብላክ-ፎርማተር.አርግስ": ["--ላይን-ሌንግዝ", "100"],
  "ላይቭሰርቨር.ሴቲንግስ.ፖርት": 5501,
  "ላይቭሰርቨር.ሴቲንግስ.ዩዝሎካልአይፒ": ትሩ
}

«አርግስ» ለብላክ የሚተላለፍ ትእዛዝ ነው። ብላክ ካልነገሩት መስመር የሚቆርጠው በ88 ፊደል ላይ ነው፣ ፕሪቲየር ደግሞ በ80። ትእዛዙና ቁጥሩ በሁለት የተለያዩ ጥቅሶች መግባታቸውን ልብ በሉ፤ በአንድ ጥቅስ ውስጥ በክፍተት ብትጽፏቸው እንደ አንድ ቃል ይወሰዳሉና አይሠራም።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ቀርቷል፦ የትኛው ፎርማተር የትኛውን ቋንቋ እንደሚያስተካክል። እሱን በእጅ አትጻፉት። የፓይተን ፋይል ክፈቱ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ «ፎርማት ዶኪዩመንት ዊዝ» በሉ፣ ከሚመጣው ዝርዝር በታች ነባሪውን ፎርማተር የመምረጫ መስመር አለ። ብላክን ስትመርጡ ኤዲተሩ የ«[ፓይተን]» ክፍልን ራሱ ጽፎ «ኤዲተር.ዲፎልትፎርማተር» ብሎ ከነመለያው ያስገባዋል። የሚጽፈው በተጠቃሚ ፋይል ከሆነ ቆርጣችሁ ወደ ፕሮጀክቱ ውሰዱት። ለጃቫስክሪፕትና ለኤችቲኤምኤልም በፕሪቲየር ይህንኑ ድገሙ።

ፕሪቲየርን በተመለከተ አንድ ጠባይ እወቁለት። በፕሮጀክቱ ውስጥ የራሱ ማስተካከያ ፋይል (በነጥብ የሚጀምር፣ «ፕሪቲየርአርሲ» የሚባል) ወይም የ«ኤዲተርኮንፊግ» ፋይል ካገኘ በሴቲንግስ.ጄሰን ውስጥ የጻፋችሁለትን የቅርጽ ሴቲንግ ትቶ ያንን ይከተላል። ከሌላ ሰው በተገለበጠ ፕሮጀክት ውስጥ ሴቲንጋችሁ አልሰማም ካለ ይህን ፋይል ፈልጉ።

የላይቭ ሰርቨሩ ሁለት መስመር የእኔ ተወዳጅ ነው። ነባሪው ፖርት (ገጹ የሚከፈትበት የበር ቁጥር) 5500 ነው፤ ሌላ ፕሮጀክት ተከፍቶ እንዳይጋጭ 5501 አደረግነው። «ዩዝሎካልአይፒ» ትሩ ሲሆን ገጹ በላፕቶፑ የአካባቢ አድራሻ ይከፈታል። የስልካችሁን ሆትስፖት አብርታችሁ ላፕቶፑን አገናኙና ያን አድራሻ በስልኩ ብራውዘር ላይ ጻፉት፤ ገጻችሁ በስልክ ላይ ምን እንደሚመስል ያለ አንድ ሜጋ ዳታ ታያላችሁ። የዊንዶውስ ፋየርዎል መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ቢጠይቅ ፍቀዱለት። የማር ዋጋውን የሚያየው ገበሬ በስልክ ነው የሚያየው፤ በላፕቶፕ ብቻ አይቶ አማረ ማለት ዋጋ የለውም።

7. መብራት ሲሄድና ሴቭ ሲደረግ

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ መጀመሪያ የሚያበራው «ፋይልስ.አውቶሴቭ»ን ነው። ዋጋው «አፍተርዲሌይ» ከሆነ ጽፋችሁ ካቆማችሁ ከ1000 ሚሊሰከንድ በኋላ በራሱ ሴቭ ያደርጋል። መልካም። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ «ፎርማትኦንሴቭ» አይሠራም፤ የሚሠራው እናንተ ራሳችሁ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ብቻ ነው። ይህ ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በየሰከንዱ ኮዱ ከእጃችሁ ሥር እየተገለባበጠ ማን ይጽፋል? ኤክስቴንሽኑ ተበላሸ ብሎ አጥፍቶ እንደገና በፓኬጅ ያወረደ ሰው ስላወቅሁ ነው የምነግራችሁ።

እኔ የምጠቀመው «ኦንፎከስቼንጅ»ን ነው። ከፋይሉ ወጥታችሁ ሌላ ፋይል ወይም ሌላ መስኮት ስትነኩ ሴቭ ይደረጋል፣ ያኔ ፎርማተሩም ይሠራል። በመካከል መብራት ቢሄድስ? ቪኤስ ኮድ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍን በጓዳው መጠባበቂያ ይይዛል፤ ተመልሳችሁ ስትከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ታገኙታላችሁ።

8. ዳታ መቆጠብ

በተጠቃሚው ፋይል፦

  "ኤክስቴንሽንስ.አውቶአፕዴት": ፎልስ,
  "ኤክስቴንሽንስ.አውቶቼክአፕዴትስ": ፎልስ,
  "አፕዴት.ሞድ": "ማንዋል"

ከዚህ በኋላ ማደስ የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አድሱ፣ የደኅንነት ጉዳይም አለበትና ጨርሳችሁ አትርሱት። ኔት ለሌለው ሰው ኤክስቴንሽኑን ራሱን በ«ቪኤስአይኤክስ» ፋይል አውርዶ በፍላሽ መስጠት ይቻላል። ተቀባዩ በኤክስቴንሽኖች ዝርዝር አናት ካሉት ሦስት ነጥቦች «ኢንስቶል ፍሮም ቪኤስአይኤክስ» ይላል። ብቻ አንዱ በሌላው ላይ የሚደገፍ ከሆነ ሁለቱንም ስጡት፦ ብላክ ፎርማተር ያለ ፓይተን ኤክስቴንሽን አይነሳም።

9. ለሌላው ማስተላለፍ

በ«.ቪኤስኮድ» ፎልደር ውስጥ «ኤክስቴንሽንስ.ጄሰን» የሚባል ጎረቤት ፋይል ይኖራል፤ ፕሮጀክቱን የሚከፍት ሰው የትኞቹን ኤክስቴንሽኖች ይጫን የሚለውን ይይዛል። የተጫነ ኤክስቴንሽን ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ወደ ወርክስፔስ ምክሮች የመጨመሪያውን ምርጫ ንኩ፤ ፋይሉ ይጻፋል። ተቀባዩ ሲከፍት ኤዲተሩ ጫን ይለዋል። አስገዳጅ አይደለም።

10. አሁንም እምቢ ካለ

በፍላሽ የመጣ ፎልደር ስትከፍቱ ኤዲተሩ «ባለቤቱን ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አላምንም ካላችሁ ወይም መስኮቱን ብቻ ከዘጋችሁት በተገደበ ሁኔታ ይከፍተዋል፤ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች ይጠፋሉ፣ ከፕሮጀክቱ ሴቲንግም የተወሰኑት አይነበቡም። ምልክቱን እኛ ከማንም በላይ ቶሎ እናየዋለን፦ በኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት አማርኛ ፊደል በየሳጥኑ ታጥሮ ይታያል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ኤዲተሩ ከመሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ ይጠረጥራልና። የሰጣችሁን ሰው የምታውቁት ከሆነ በትእዛዝ ሳጥኑ «ማኔጅ ወርክስፔስ ትረስት» ብላችሁ እመኑት። የማታውቁት ከሆነ ሳጥኑን ታገሡት።

ሁለት ኤክስቴንሽኖች እየተጋጩ ከመሰላችሁ አንድ በአንድ አታጥፉ። «ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ግማሾቹን ያጠፋና «ችግሩ አለ ወይስ ሄደ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ። 16 ቢኖሯችሁ በአራት አምስት ጥያቄ ጥፋተኛው ይያዛል።

የአክስቴ ልጅ ችግር ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ቃሉ ልክ ነው፣ ኮማው ልክ ነው፣ ፋይሉም «.ቪኤስኮድ» ውስጥ ነው። በመጨረሻ «በግራ በኩል ከሁሉ በላይ የተጻፈው የፎልደር ስም ምን ይላል?» አልሁት። «ሥራዎች» አለኝ። ፕሮጀክቱ «ማር» ነው የሚባለው። ሁሉንም ሥራውን የያዘውን ትልቁን ፎልደር ከፍቶ በውስጡ ወዳለው «ማር» እየገባ ነበር የሚሠራው። ኤዲተሩ የፕሮጀክት ሴቲንግ የሚያነበው ከተከፈተው ፎልደር ራስ ላይ ካለው «.ቪኤስኮድ» ነው፤ አንድ ደረጃ ወርዶ የተቀመጠውን አይፈልግም።

«ፋይል በል፣ ኦፕን ፎልደር በል፣ "ማር"ን ራሱን ክፈት፣ ኮንትሮል ኤስ ተጫን።»

«እታለም፣ ሠራ!» አለና ዘጋው፤ ካርዱ እያለቀበት ነበር።